ከሩቅ የሚደወል ደወል፦ የአንድ ቁጥር ታሪክ ከቴሌግራፍ እስከ ሰርቨር

ሌሊት ነው። በአንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ ተረኛው የኮምፕዩተር ባለሙያ በሌላ ከተማ፣ ምናልባትም በሌላ አህጉር ከሚገኝ ሰርቨር ጋር በተርሚናል ተገናኝቶ ይሠራል። ምንም ባልተጻፈበት የትእዛዝ መስመር ላይ የማጥፊያውን ቁልፍ ሳያስበው ይነካል። ኮምፕዩተሩ ወዲያው «ጢጥ!» ይላል። አንድ ጊዜ ደግሞ ሲነካው እንደገና «ጢጥ!» ይላል። ድምፁ ያን ያህል ኃይለኛ አይደለም፤ ይሁን እንጂ ጸጥ ባለ ክፍል ውስጥ ያስደነግጣል፤ አጠገብ የተቀመጠውንም ባልደረባ ያውካል። ባለሙያው «ይህን ነገር እንዴት ዝም ላሰኘው?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም።

ጥያቄው ቀላል ይመስላል። መልሱን በትክክል ለማግኘት ግን አስቀድሞ ሌላ ጥያቄ መመለስ ያስፈልጋል፦ ለመሆኑ የደወለው ማነው? ሰርቨሩ በሚገኝበት ሩቅ ክፍል ውስጥ አንዳችም ድምፅ አልተሰማም። ሰርቨሩ የላከው ድምፅ ሳይሆን ቁጥር ነው፤ ቁጥሩም 7 ነው። ቁጥሩን ተቀብሎ ወደ ድምፅ የለወጠው በባለሙያው ፊት ያለው ኮምፕዩተር ነው። ይህ ቁጥር እንዴት የደወል ምልክት እንደሆነ የሚናገረው ታሪክ ከኮምፕዩተር ዘመን በፊት ይጀምራል። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሰው በሌለበት ክፍል

ፈረንሳዊው ኤሚል ቦዶ በ1874 የፈጠራ መብት ባስመዘገበበት የቴሌግራፍ ሥርዓት እያንዳንዱ ፊደል የሚላከው በአምስት የኤሌክትሪክ ምልክቶች ጥምረት ነበር። እያንዳንዱ ምልክት ከሁለት አንዱን ብቻ ሊሆን ስለሚችል፣ አምስቱ በድምሩ 32 ጥምረቶችን ይሰጣሉ። ይህ ለላቲን ፊደላት ቢበቃም ለአኀዞችና ለሥርዓተ ነጥቦች አይበቃም። ስለዚህም አንዱ ጥምረት አንድ ጊዜ ፊደል፣ ሌላ ጊዜ አኀዝ ሆኖ እንዲያገለግል የሚያደርግ መቀያየሪያ ተበጀ። በ1901 ደግሞ ኒውዚላንዳዊው ዶናልድ መሪ ኮዱን አሻሻለው። በእርሱ ኮድ ውስጥ በወረቀት ላይ የሚታተሙ ፊደላት ብቻ ሳይሆኑ፣ ማሽኑ ወደ መስመሩ መጀመሪያ እንዲመለስና ወረቀቱን ወደ ላይ እንዲገፋ የሚያዙ ምልክቶችም ቦታ አገኙ።

ከዚህ ኮድ የተወለደውና «ዓለም አቀፍ የቴሌግራፍ ፊደል ቁጥር 2» የሚባለው ሥርዓት በአኀዞች ረድፍ ላይ ለደወልም አንድ ቦታ ሰጠ። ላኪው ማሽኑን ወደ አኀዝ ቀይሮ የጄን ቁልፍ ሲነካ፣ በሌላ ከተማ ባለው ተቀባይ ማሽን ውስጥ የተገጠመ ደወል ይጮኻል። አሜሪካውያን በበኩላቸው ያንኑ ደወል ከኤስ ቁልፍ ጋር አኖሩት።

የደወሉ ምክንያት ግልጽ ነበር። ቴሌፕሪንተር ሰው አጠገቡ ሳይኖር የመጣለትን መልእክት እየተቀበለ ሌሊቱን ሙሉ ሊያትም የሚችል ማሽን ነው። ሠራተኛው ለሌላ ጉዳይ ሊነሣ፣ በሚቀጥለው ክፍል ውስጥ ሊሆን፣ እንቅልፍ ሊያሸልበውም ይችላል። ማሽኑ ሲያትም የሚያሰማው ኳኳታ ለተራውም ለአስቸኳዩም መልእክት አንድ ዓይነት ስለሆነ አይለይም። ደወሉ ግን ከኳኳታው መካከል ተለይቶ «ሰው ሆይ፣ ና፤ ይህን አንብብ!» ይላል። እንግዲህ የደወሉ የመጀመሪያ ተግባር በቦታው የሌለውን ሰው መጥራት ነበር።

የ32 ጥምረቶችን ጥበት ለመረዳት ከአማርኛ አንባቢ የቀረበ ሰው የለም። የፊደል ገበታው 33 ዘሮች በሰባት ሰባት ቅርጽ ሲቆጠሩ 231 ይሆናሉ፤ በ32 ጥምረቶች ላይ በቀጥታ ማሳረፍ የማይሞከር ነው። የአማርኛ ቴሌፕሪንተር በማሰናዳት ስማቸው የሚነሣው ኢንጂነር ተረፈ ራስወርቅ የተጋፈጡት ችግርም ይኸው የቦታ ጥበት ነበር። በዚህን ያህል በሚጨናነቅ ሰሌዳ ላይ አንዱ ቦታ ምንም ለማይጽፍ ደወል መሰጠቱ፣ የዘመኑ ሰዎች ለጥሪው የነበራቸውን ግምት ያሳያል።

የደወሉ ቁጥርና የዜናው ክብደት

ደወሉ በጣም የተከበረው በዜና ክፍሎች ውስጥ ነው። የዜና ወኪሎች ቴሌፕሪንተሮች ቀኑን ሙሉ የገበያ ዋጋ፣ የስፖርት ውጤትና የፓርላማ ንግግር ሲያትሙ ይውላሉ። አዘጋጆቹ ይህን ሁሉ ቆመው አያነቡም። አስቸኳይ ዜና ሲመጣ ግን ላኪው ከጽሑፉ ጋር ደወሉን በተከታታይ ይልካል። የደወሉ ቁጥር በጨመረ መጠን የዜናው ክብደት ይጨምራል። ልምድ ያለው አዘጋጅ ከወንበሩ ሳይነሣ ደወሉን በመቁጠር ብቻ መሮጥ እንዳለበት ወይም እንደሌለበት ያውቅ ነበር።

በኅዳር ወር 1963 ፕሬዚዳንት ጆን ኬኔዲ በዳላስ ከተማ ሲገደሉ፣ ወሬው ለዓለም የተዳረሰው በዚህ መንገድ ነበር። የዩናይትድ ፕሬስ ኢንተርናሽናል ዘጋቢ ሜሪማን ስሚዝ በአጀቡ ውስጥ ከነበረ መኪና ላይ በሬዲዮ ስልክ ያቀበለው አጭር ዜና፣ ጥይቱ ከተተኮሰ ከአራት ደቂቃ በኋላ በሽቦ ተላለፈ። በየዜና ክፍሉ ደወሎች ጮኹ፤ አዘጋጆችም ወደ ማሽኖቹ ሮጡ። እነዚያ ደወሎች የስንዴ ዋጋ በተለወጠ ቁጥር ሲጮኹ የኖሩ ቢሆን ኖሮ፣ በዚያች ቀን ማን ከወንበሩ ይነሣ ነበር? የደወሉ ኃይል ያለው በሚጮኽበት ጊዜ ብቻ ሳይሆን ዝም በሚልበትም ጊዜ መሆኑን ያ ትውልድ በሚገባ ያውቅ ነበር።

ሰባተኛው ቦታ

በዚያው ዓመት በሰኔ ወር የአሜሪካ የደረጃዎች ማኅበር «አስኪ» የተባለውን አዲስ ኮድ አወጣ። አስኪ እያንዳንዱን ምልክት በሰባት ቢት ስለሚወክል 128 ቦታዎች አሉት። ከ0 እስከ 31 ያሉት ቦታዎች የተተዉት ማሽንን ለሚያዙ ምልክቶች ነው። ከእነዚህም መካከል ሰባተኛው ቁጥር ለደወል ተሰጠ።

አቀማመጡ ብልሃት ነበረው። በኮዱ ውስጥ የላቲኑ ትልቁ ጂ ቁጥር 71 ነው። የኮንትሮል ቁልፍ ከፊደል ጋር አብሮ ሲነካ ከፊደሉ ቁጥር ላይ 64 ይቀንሳል፤ ከ71 ላይ 64 ሲነሣ 7 ይቀራል። ኮንትሮልንና ጂን አንድ ላይ የሚነካ ሰው ደወል የሚልከው በዚህ ምክንያት ነው። በዚያው በ1963 ለገበያ በቀረበው «ቴሌታይፕ ሞዴል 33» በተባለው ማሽን ላይ፣ በጂ ቁልፍ አናት ላይ «ደወል» የሚለው ቃል በእንግሊዝኛ ተጽፎ ይታይ ነበር። በማሽኑም ሆድ ውስጥ ከብረት የተሠራ እውነተኛ ደወል ነበረ።

ሞዴል 33 በሰከንድ ዐሥር ምልክቶችን ብቻ የሚያትም ዘገምተኛ ማሽን ቢሆንም፣ ከሌሎቹ ይልቅ ርካሽ ስለነበር የኮምፕዩተር ባለሙያዎች ወዲያው ወሰዱት። ከ1969 ጀምሮ ኬን ቶምሰንና ዴኒስ ሪቺ በቤል ላቦራቶሪ የዩኒክስን ሥርዓት ሲያሰናዱም የሚጽፉት በዚሁ ማሽን ላይ ነበር። በዩኒክስና በሊኑክስ ውስጥ እያንዳንዱ ተርሚናል እስከ ዛሬ የሚጠራበት «ቲቲዋይ» የተባለው ስም፣ ቴሌታይፕ ከሚለው ስም ያጠረ ነው።

ደወሉ ጠባዩን የለወጠው እዚህ ላይ ነው። በቴሌግራፉ ዘመን የሚደውለው ሰው፣ የሚጠራውም በቦታው ያልነበረ ሰው ነበር። አሁን ግን የሚደውለው ኮምፕዩተር ሲሆን፣ የሚደወልለትም እፊቱ ተቀምጦ የሚጽፍ ሰው ሆነ። ስሕተት ሲጽፍ ይደወልበታል፤ የማይሆን ቁልፍ ሲነካ ይደወልበታል። ከሩቅ መጥሪያ የነበረው ነገር የቅርብ መገሠጫ ሆነ ማለት ነው።

ብረቱ ሄዶ ድምፁ ሲቀር

በ1970ዎቹ የወረቀት ማሽኖች በመስተዋት ስክሪን ሲተኩ ብረቱ ደወል ቀረ። ቁጥር 7 ግን አልቀረም፤ በእርሱ ምትክ ትንሽ የኤሌክትሪክ ድምፅ ማውጫ ተገጠመለት። በ1978 በወጣውና ኋላ ለሌሎች ሁሉ አርአያ በሆነው የዲጂታል ኢኩዊፕመንት ኩባንያ «ቪቲ100» ተርሚናል፣ ይህ ድምፅ ማውጫ የተቀመጠው በኪቦርዱ ውስጥ ነበር። ቢል ጆይ በ1976 መጻፍ የጀመረው «ቪአይ» የተባለው የጽሑፍ ማረሚያ ፕሮግራምም ይህንኑ ድምፅ አዘወተረ። የማምለጫውን ቁልፍ አንድ ጊዜ ከሚያስፈልገው በላይ የነካ ሁሉ ይጮኽበት ነበር። ከዐሥር በላይ ተርሚናሎች በተደረደሩበት የዩኒቨርሲቲ ክፍል ውስጥ የአንዱ ስሕተት ለሁሉም ይታወጅ ነበር ማለት ነው።

የዝምታ ፍላጎት የተወለደው በዚሁ ጊዜ ነው። ቢል ጆይ የልዩ ልዩ ተርሚናሎችን ችሎታ በመዘገበበት የመረጃ ፋይል ውስጥ፣ ከሚሰማው ደወል ሌላ «የሚታይ ደወል» የሚባል መደብ ነበረ። በዚህ ዘዴ ተርሚናሉ በመጮኽ ፈንታ ስክሪኑን ለአፍታ ብልጭ ያደርጋል። በግንቦት 1983 የወጣውና ከሩቅ ኮምፕዩተር ጋር መገናኛ የሆነው የቴልኔት ሥርዓት መግለጫም ይህንኑ አጸና። በመግለጫው መሠረት ቁጥር 7 የሚሰማ ወይም የሚታይ ምልክት ይሰጣል። ከሁለቱ የትኛው እንደሚሆን ላኪው አይወስንም፤ ምርጫው በተቀባዩ ወገን ይቀራል። ይህች አጭር አንቀጽ የጉዳዩ ሁሉ ቁልፍ ናት።

በነሐሴ 1981 የወጣው የአይቢኤም ፒሲ ደግሞ ትንሽ ስፒከር በሣጥኑ ውስጥ ይዞ መጣ። ይህ ስፒከር በኋላ ከመጡት የሙዚቃ ድምፅ ካርዶች የተለየ በመሆኑ፣ በብዙ ኮምፕዩተሮች ላይ የድምፁን መጠን መቀነሻ ቢያዞሩትም አይበገርም ነበር። ሰዎች ሙዚቃውን ዘግተው «ጢጥታው» ግን አልዘጋ ያላቸው በዚህ ምክንያት ነው።

የተመሰጠረ ደወል

በ1995 በሄልሲንኪ የቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ የነበረው ታቱ ኡሎነን፣ በኔትወርኩ ላይ የይለፍ ቃሎችን የሚሰርቁ ሰዎች ጥቃት ካደረሱ በኋላ «ኤስኤስኤች» የተባለውን የተመሰጠረ መገናኛ ሠራ። ቴልኔት ሁሉን በግልጽ ሲልክ፣ ኤስኤስኤች እያንዳንዱን ምልክት በምስጢር ኮድ ሸፍኖ ይልካል። በዓለም ዙሪያ ሰርቨሮች ከሩቅ የሚተዳደሩት ዛሬም በአብዛኛው በዚህ መንገድ ነው። ሆኖም በምስጢሩ መጠቅለያ ውስጥ የሚጓዘው ዕቃ አልተለወጠም፤ ቁጥር 7 ዛሬም 7 ነው። በመንገድ ላይ የሚያደባ ሰላይ ደወሉ መላኩን ከምስጢሩ ውስጥ ሊያነብ አይችልም፤ አጠገብ የተቀመጠው ባልደረባ ግን አጥርቶ ይሰማዋል!

ይህ ታሪክ ከተታወቀ የመጀመሪያው ጥያቄ መልስ ይቀልላል። ደወሉን ዝም ማሰኘት የሚቻልባቸው አራት ቦታዎች አሉ። የመጀመሪያው ቁጥሩ የሚወጣበት የሩቁ ሰርቨር ነው። እዚያ የትእዛዝ መስመሩን የሚያስተናግደው «ሪድላይን» የተባለው ክፍል የደወሉ ዓይነት እንዲሰማ፣ እንዲታይ ወይም ጨርሶ እንዳይኖር የሚያደርግ ማስተካከያ አለው። ሁለተኛው በመካከል የሚገቡ እንደ «ስክሪን» ያሉ ፕሮግራሞች ናቸው። ከ1987 ጀምሮ የሚታወቀው ይህ ፕሮግራም በሚታይ ደወል እንዲሠራ ሲታዘዝ፣ በመጮኽ ፈንታ የውሻ ጩኸት የሚመስል ቃል በስክሪኑ ግርጌ ይጽፋል። ሦስተኛው በተጠቃሚው ኮምፕዩተር ላይ የሚገኘው የተርሚናል ፕሮግራም ነው። አራተኛው ስፒከሩን የሚያዘው የራሱ የኮምፕዩተሩ ሥርዓት ሲሆን፣ በሊኑክስ ውስጥ ይህን የሚሠራ ራሱን የቻለ ክፍል አለ፤ እርሱን ማውጣት ይቻላል።

ብዙዎች የሚጀምሩት ከመጀመሪያው ነው። ያንን ሰርቨር ዝም ካሰኙ በኋላ ግን ወደ ሌላ ሰርቨር ሲገቡ ድምፁ ይመለሳል፤ ሦስተኛውም አራተኛውም እንዲሁ። ሰርቨሩን ከሌሎች ጋር የሚጋሩትና የጋራውን ማስተካከያ የሚነኩ ከሆነም፣ ደወሉን የሚፈልገውን ሰው ሳይጠይቁ ከልክለውታል። ደወሉ በተርሚናሉ ዘንድ ከታረመ ግን አንድ ጊዜ የተሠራው ለሁሉም ሰርቨር ይበቃል፤ ሌላውንም ሰው አይነካም። የቴልኔት መግለጫ እንደ ደነገገው፣ ድምፅ የጆሮው ባለቤት ጉዳይ ነው።

በዊንዶውስ ተጠቃሚዎች ዘንድ የታወቀው «ፑቲ» የተባለው ፕሮግራም ከዚህም አልፎ ይሄዳል። ደወሉን ዝም ማሰኘት፣ ወደ ብልጭታ መለወጥ ወይም በሌላ ድምፅ መተካት ይቻላል። ከዚህም ሌላ ደወሉ በሁለት ሰከንድ ውስጥ ከአምስት ጊዜ በላይ ከጮኸ ፕሮግራሙ ራሱ ይዘጋውና፣ አምስት ሰከንድ ጸጥታ እስኪያልፍ ድረስ አይከፍተውም። ይህ የተደረገው ሰዎች ለማንበብ ያልተሠራን ፋይል በስሕተት ወደ ተርሚናሉ ስለሚለቅቁት ነው። እንዲህ ያለ ፋይል ውስጥ ቁጥሮቹ በዘፈቀደ የተበተኑ ቢሆኑ፣ በአማካይ ከ256 አንዱ 7 ይሆናል። ያ ሁሉ ማንንም ለመጥራት ያልታሰበ ደወል በአንድ ጊዜ ሲጮኽ ክፍሉ ይታወካል።

ዝምታም ዋጋ አለው

ይሁን እንጂ ደወሉን ከሥሩ መንቀል ሁልጊዜ ብልህነት አይሆንም። ብዙ ሰዓት የሚፈጅ ሥራ ለሰርቨሩ ሰጥቶ የሚነሣ ባለሙያ፣ ሥራው ሲያልቅ ቁጥር 7 እንዲላክለት ሊያዝዝ ይችላል። ሻዩን ይዞ በሌላ ክፍል ሳለ ድምፁ ሲሰማው ይመለሳል። ይህ አጠቃቀም ከመቶ ዓመት በፊት የነበረው የቴሌፕሪንተር ሠራተኛ አጠቃቀም ነው፤ ደወሉ በቦታው የሌለውን ሰው ይጠራል። ሁሉን የዘጋ ሰው ከተግሣጹ ጋር ጥሪውንም ያጣል።

ጉዳዩ በሌሎች ሙያዎች ዘንድ ከመታወክ ያለፈ ክብደት አለው። የጽኑ ሕሙማን ክፍሎች በሚጮኹ መሣሪያዎች የተሞሉ ናቸው። በ2013 የአሜሪካን ሆስፒታሎች ብቃት የሚመዝነው ጆይንት ኮሚሽን የማስጠንቀቂያ ድምፆች ብዛት ሠራተኞችን እንደሚያደነዝዝና ሕሙማንን ለአደጋ እንደሚያጋልጥ አስታውቆ፣ ሆስፒታሎች መላ እንዲያበጁ አሳሰበ። ለትንሹም ለትልቁም የሚጮኽ መሣሪያ በመጨረሻ ሰሚ ያጣል፤ የተሰላቸ ሰው ድምፁን ሲዘጋው ደግሞ እውነተኛው ጥሪም አብሮ ይዘጋል። መፍትሔው ደወሉን ማጥፋት ሳይሆን፣ የሚደወልበትን ነገር መለየት ነው።

ቁጥር 7 በዚህ ሁሉ መካከል ከቦታው አልተነቃነቀም። የዓለምን ፊደላት በአንድ ሰንጠረዥ ያሰባሰበው ዩኒኮድ የአስኪን 128 ቦታዎች እንዳሉ ስለወሰደ፣ ሰባተኛው ዛሬም የደወሉ ነው። በ2010 ግን «ደወል» የሚለው ስም በሞባይል ስልኮች ላይ ለሚታየው የደወል ሥዕል ተሰጠ፤ የድሮው ቁጥር 7 «ማስጠንቀቂያ» በሚል ቅጽል ስም ቀረ። በ1999 ደግሞ የኢትዮጵያ ፊደል በዚሁ ሰንጠረዥ ውስጥ ገባ፤ «ሀ» ቁጥር 4608 ሆነ። በ32 ጥምረቶች ዘመን ደወል ቦታ ሲያገኝ ፊደሉ መግቢያ አልነበረውም። አሁን ሁለቱም በአንድ ሰንጠረዥ ተቀምጠዋል።

ስም ከነገሩ ተለይቶ የሚኖር መሆኑ ለአማርኛ እንግዳ አይደለም። በ1942 የተቋቋመው የአዋጅ ጋዜጣ «ነጋሪት» የተባለው፣ አዋጅ በከበሮ ይነገር ከነበረበት ዘመን በወረሰው ስም ነው። ከኪሱ ስልክ አውጥቶ የሚነጋገር ሁሉ፣ ስልኩ ውስጥ ደወል ባይኖርም፣ «ደወለ» ይባላል። ቃሉ ትርጉሙን አልሳተም፤ ሩቅ ያለን ሰው የጠራ ሁሉ ደውሏልና። በሌሊት «ጢጥ!» ያለበት ባለሙያም ድምፁን ከመዝጋቱ በፊት አንድ ነገር ቢያጣራ ይጠቅመዋል፦ የተደወለው ለስሕተቱ ነው ወይስ ሊሰማው የሚገባ ጉዳይ መጥቷል? የመጀመሪያው ከሆነ ድምፁን በራሱ ተርሚናል ላይ ወደ ብልጭታ ይለውጠው። ሁለተኛው ከሆነ ግን ተነሥቶ ያንብብ።